ኮምባይንዱን ለጊዜው ተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አቶቴ አካባቢ በተከራየሽው ግቢ አንዲት ክፍል አለሽ፣ በእጅሽ 40 ሺህ ብር ይዘሻል፣ በርጩማና የመጽሐፍ መደርደሪያ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ከዚያም «ትንሽ ተበድሬ ያገለገለ ኮምባይንድ ማሽን ልግዛ ወይስ በያዝኩት ብር ትራፓኖ (የኤሌክትሪክ መብሻ) እና ጂግሶ (ጎባጣ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ገዝቼ ልጀምር?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች የማሽን ዓይነት ማማረጥ ይዘዋል። እኔ ግን ብድሩንም ኮምባይንዱንም ተዪ እላለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ ሐዋሳ ከአንድ የተዘጋ የእንጨት ሥራ ቤት ኮምባይንድ ገዛሁ። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መብሻው ሁሉ በአንድ አካል ላይ ነው፤ ሻጩ አስነስቶ ሲያሳየኝ ድምፁ እንደ አዲስ ነበር። ለጫኝና አውራጅ ከፍዬ ቤት ካደረስኩት በኋላ የጠራሁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ታርጋ አንብቦ ሳቀ። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ነው። የእኔ ቆጣሪ ደግሞ እንደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት። ማሽኑ ስድስት ወር ዶሮዎች ሲያድሩበት ከርሞ በኪሳራ ተሸጠ። እኔ ሳላነብ የገዛሁትን ታርጋ አንቺ ማንኛውንም ባለ ሞተር ዕቃ ስትገዢ አስቀድመሽ አንብቢ።

ከዚያ ወዲህ ማሽን የለኝም፤ ናፍቆኝም አያውቅም። ከተማው ውስጥ ትልልቅ ማሽን ያላቸው የእንጨት ሥራ ቤቶች ሞልተዋል፤ እንጨት ይዞ ለሚመጣ ሰው በክፍያ ይሰነጥቃሉ፣ ይልጋሉ። ልኩን በወረቀት ጽፌ እሄዳለሁ፤ እኔ በእጅ ሁለት ቀን የምለፋበትን በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። ኮምፔንሳቶም ቢሆን 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሙሉ ቅጠል በጠባብ ክፍል ውስጥ ከምትታገዪው እዚያው አስቆርጪው። ቤትሽ ውስጥ የሚቀረው መለካት፣ ማጋጠም፣ ማለስለስና መቀባት ነው። አከራይሽና ጎረቤቶችሽም በጩኸት አይማረሩም፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

ስለዚህ ገንዘብሽን ስለት ባለው ዕቃ ላይ አውዪ። አንድ መጋዝ፣ አንድ መካከለኛ የብረት መላጊያ፣ ሦስት መሮ (6፣ 12 እና 25 ሚሊ ሜትር)፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ ሜትር፣ ሁለት ሞርሳ (እንጨት ጨምቆ የሚይዝ)። መዶሻና ካቻቢቴ የትም ይገኛል፤ አላደክምሽም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ መርካቶ ምናለሽ ተራን ጎራ ብሎ ይመልከትልሽ። የእኔ መላጊያ ዝገት በልቶት ከዚያ የመጣ ነው፤ አሁን ከአዲሶቹ ይበልጣል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ግን ዓይን ያስፈልጋል። መጋዝ ከሆነ ጥርሶቹን እዪ፦ ጫፋቸው ወደ ሰማያዊ የጠቆረ ከሆነ በሙቀት የጠነከሩ ናቸውና ሞረድ አይነካቸውም፤ ሲዶለዱሙ መጣል ነው። የመላጊያ ግርጌ መስታወት ላይ ሲቀመጥ መወዛወዝ የለበትም። ስኳድራ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ፈትኚው፦ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስደግፈሽ መስመር አስምሪ፣ ከዚያ ገልብጪና ከዚያው ነጥብ እንደገና አስምሪ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ስኳድራው ውሸታም ነው፤ ስህተቱም የልዩነቱ ግማሽ ነው። አንድ ቀን ይህን ሳደርግ ባለሱቁ ቢያኮርፍም ከአራት ስኳድራ ሁለቱን መልሻለሁ።

የመሳያ ድንጋይ ውድ ከሆነብሽ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ውኃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ግዢ። ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000 ይበቃሻል። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ ውኃ አርከፍክፈሽ ለጥፊውና መሮሽን በላዩ ሳዪ። ማዕዘን መለኪያም አያስፈልግሽም፤ የስለቱ ተዳፋት (ወደ ጫፉ ያዘነበለው ፊት) ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ሲሆን ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 6 ይሁን ማለት ነው። የክንድሽን ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ሳትሰለቺ ሳዪ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እንጨቱን ስረግም የኖርኩት የዶለዶመ መሮ ይዤ ነው።

የሥራ ጠረጴዛሽን ራስሽ ሥሪው፤ ተከራይ ስለሆንሽ በብሎን የሚፈታ ይሁን። ከፍታው ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ የእጅ አንጓሽ ጋ ይድረስ። ከፋብሪካ የሚወጣ የፓሌት እንጨት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ማኅተሙን ግን ተመልከቺ። «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤትሽ አታስገቢው። ሞርሳ ሲያንስሽ ከብስክሌት ጠጋኝ አሮጌ የውስጥ ጎማ ጠይቂ፤ ሐዋሳ ውስጥ ይህ አይጠፋም። በረጅሙ ሰንጥቀሽ የተጣበቀውን እግርና አግዳሚ ወጥረሽ ጠምጥሚበት፣ ኮላው እስኪደርቅ አይለቅም።

እንጨቱን በተመለከተ በፈረንጅ ጥድ ወይም በግራቪሊያ ጀምሪ። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ዋንዛውን እጅሽ ሲፈታ ትደርሺበታለሽ። እርጥብ ጣውላ ወደ ማሽን ቤት አትውሰጂ። በጥላ ሥር በየመካከሉ ቀጫጭን ዘንግ እያስገባሽ ደርድሪው፤ አንዷን ቁራጭ በየሳምንቱ በጓዳ ሚዛን መዝኚ፣ ክብደቷ መቀነሱን ሲያቆም ጣውላው ደርሷል።

በዚያች ክፍል ውስጥ አፍንጫሽን ሳትሸፍኚ እንጨት አትፈግፍጊ። የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስፍሮታል። ማለስለሱን በረንዳ ላይ ሥሪ። በተልባ ዘይት ከቀባሽ ደግሞ ጨርቁን ጨብጠሽ ጥግ አትወርውሪ፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ገመድ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ከሁለቱ ትራፓኖው ይቅደም፤ በርጩማም መደርደሪያም ያለ ቀዳዳ አይሠራም። ጂግሶውን ክብ ወይም ጎባጣ ነገር የሚያዝዝሽ ሰው እስኪመጣ አቆዪው። ትራፓኖውን ከመግዛትሽ በፊት የታርጋውን ፎቶ እዚህ ብትለጥፊው አይቼ እነግርሻለሁ።