ስለ ስሜቷ ከማውራታችን በፊት ቀለሙን እንይ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ኔዘርላንዳዊው ዮሃንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ ስለሳላት ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ ከእህቷ ጋር ተከራክራለች። እሷ «ልጅቷ አዝናለች» ትላለች፣ እህቷ «ፍቅር ይዟት ነው» ትላለች። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም የታያችሁን ነው ያላችሁት። ግን ለምን እንደዚያ ታያችሁ? አፍንጫዋን ልብ በሉ። ከአፍንጫዋ ወዲያ ካለው ጉንጯ የሚለየው መስመር የለም፤ ቀለሙ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የከንፈሯም ዳር እንዲሁ ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሐዘንንም ፈገግታንም የምናነበው ደግሞ በአብዛኛው ከከንፈር ጥግ ስለሆነ፣ እዚያ ቁርጥ ያለ ነገር ስናጣ ከራሳችን እንሞላዋለን፤ የከፋው ሐዘን ያያል፣ የወደደ ፍቅር። አፏ ገርበብ ብሏል፣ ጥጉ ላይ ጠብ ያለች የብርሃን ነጥብ አለች፤ አንድ ነገር ልትናገር ይመስላል። ሰውነቷ ወደ ጎን ሆኖ ፊቷ ወደ እኛ መዞሩም ገና አሁን የተጠራች ያስመስላታል። ብዙ ሰው «ዓይኗ ውስጥ ምስጢር አለ» ብሎ ሲያልፍ ያሳዝነኛል። ቬርሜር መስመር የሚተውበትን ቦታ አሳምሮ ያውቅ ነበር፣ ይህ ሙያ ነው!

ጥያቄ፦ ማን ናት? የቬርሜር የቤት ሠራተኛ ወይስ የገዛ ልጁ?

መልስ፦ ማስረጃ የለም። በዘመኑ «ትሮኒ» የሚባል የሥዕል ዓይነት ነበር፤ የሚሳለው ለፊት ገጽታና ለአለባበስ ነው፣ የታወቀ ሰው መታሰቢያ እንዲሆን አይደለም።

ጥያቄ፦ ዋጋዋ ስንት ነው?

መልስ፦ አትሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1881 ሄግ ውስጥ ለጨረታ ስትቀርብ ግን ከ3 ጊልደር (የድሮው የኔዘርላንድ ገንዘብ) በታች ነው የተሸጠችው።

ጥያቄ፦ ከኋላዋ ያለው ጨለማ ብቸኝነቷን ለመግለጽ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ድሮ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። ሥዕሉ ያለበት የሄጉ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ምርመራ የመጋረጃው እጥፋቶች ተገኝተዋል፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ነው የተለወጠው። ሽፋሽፍትም ተስሎላት ነበር። እባካችሁ፣ በእርጅና የመጣን ነገር የሠዓሊው ሐሳብ አታድርጉት።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድማችን የእናቱ የዘይት ቀለም ምስል ቢጫ ሆኖበታል። ጎረቤቱ «በድንች እሸው» ብሎታል።

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ፣ እንዳትነካው! ቢጫ ያደረገው ያረጀ ቫርኒሽ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚቀባው መከላከያ ሽፋን፣ ሊሆን ይችላል፤ ድንቹ ግን እርጥበትና ስታርች ትቶበት ይሄዳል፣ የላላ ቀለም ካለም ያነሳዋል። ይህ የሥዕል ጥገና ባለሙያ ሥራ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። አዲስ አበባ ካለህ «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሄደህ ሰው እንዲጠቁሙህ ጠይቅ። እስከዚያው ከፀሐይና ከኩሽና ጭስ አርቀው።