በጭንቅላት ላይ ስለምትታሰረው ትንሽ ባትሪ፦ ለወጣት የጥገና ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ጠባብ ቦታ ገብታችሁ ስትሠሩ የእጅ ባትሪውን በጥርሳችሁ ነክሳችሁ ስለማይ ይህን መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። መንጋጋ ይደክማል፣ ምራቅ ይወርዳል፣ «ማብሪያውን አጥፋው!» ብሎ ለመጮህም አፍ አይገኝም። ከዚህም የሚከፋው፣ የሊቲየም ባትሪ ድንጋይ ጉዳት ከደረሰበት ሊግልና ሊቃጠል የሚችል ዕቃ ስለሆነ ማረፊያው አፍ ሊሆን አይገባም። አንድ ድንጋይ ብቻ የምትጎርስ ትንሽ ባትሪ በላስቲክ ማሰሪያ ጭንቅላት ላይ ብትታሰር ግን ሁለቱም እጆች ለሥራ ይተርፋሉ። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከግራ ጆሯችሁ በላይ እሰሯት፤ ብርሃኑ ከግራ ሲመጣ የእጃችሁ ጥላ ወደ ቀኝ ይሸሻል እንጂ የምትፈቱትን ብሎን አይጋርድም።

ሺህ ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ አያጓጓችሁ። ከ1 ሜትር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ስትጠጉ የብርሃኑ ድምቀት 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ለሚሠራ ሥራ ከ30 እስከ 50 ሉመን ይበቃል፤ ትርፉ ከተወለወለ ብረት ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ያጭበረብራል። ይልቅስ ቀለምን አጥርቶ ማሳየቱን ፈትኑ፤ አንዳንዱ ኤልኢዲ ቀይ ቀለምን ስለሚያደበዝዝ ቡናማውን ሽቦ ከቀዩ መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉ የምፈልገው ስለ ጥላ ነው። ከዓይን አጠገብ የሚነሣ ብርሃን ራሱ የሚፈጥረውን ጥላ ከዓይናችን ይደብቃል፤ ስንጥቅም ሆነ የጎደጎደ ቦታ የሚታወቀው ደግሞ በጥላው ነው። ባትሪዋ ጭንቅላት ላይ ሳለች ደህና መስሎ የታየ የብረት ቱቦ፣ ያቺው ባትሪ ከማሰሪያዋ ወጥታ ብርሃኗ በጎን በኩል ገጹን ታክኮ እንዲያልፍ ዝቅ ብላ ስትያዝ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቁን በጥቁር መስመር ያወጣዋል። ከማሰሪያዋ የማትላቀቀውን የማልመርጠው ለዚህ ነው፤ ስትፈቱና ስትገጥሙ ጭንቅላት ላይ፣ ስትመረምሩ ግን እጅ ላይ ትሁን። አቧራ ወይም እንፋሎት ባለበትም ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ፊት ነጭ መጋረጃ ስለሚጋርድ፣ አውልቃችሁ ከወገባችሁ ከፍታ አብሩባት።

ባልደረባችሁ ሲጠራችሁ ፊታችሁን ስታዞሩ ብርሃኑም አብሮ ዞሮ ያሳውረዋል። ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተጭበረበረ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል፤ መሰላል ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመዞራችሁ በፊት በመዳፋችሁ ጋርዷት።

አልካላይን ድንጋይ ተረስቶ ሲቆይ ፈሳሹ ወጥቶ መገናኛውን ስለሚበላ፣ ለረጅም ጊዜ የማትሠሩባት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት። የቤንዚን ትነት ወይም ጋዝ ባለበት ጉድጓድና ታንከር ውስጥ ግን ተራ ባትሪ በጭንቅላታችሁም በእጃችሁም ይዛችሁ እንዳትገቡ፤ ከማብሪያው የሚወጣ ትንሽ ብልጭታ እሳት ለማስነሣት ስለሚበቃ፣ ለዚያ ዓይነት ቦታ የተሠራና ማረጋገጫ ያለው መብራት እስኪቀርብላችሁ ድረስ ሥራውን አትጀምሩ።