ዳገቱን ይቁጠሩ፣ የባሕሩንም ሰዓት ይወቁ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ገደላማ የባሕር ዳርቻን ተከትሎ ሙሉ ቀን በእግር ስለመጓዝ።

ጥያቄ፦ 22 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ዳርቻ መንገድ በአንድ ቀን ልጨርስ አስቤአለሁ። ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያለችግር እሄዳለሁ። ካርታው ላይ ከፍተኛው ቦታ 120 ሜትር ብቻ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ብነሳ በጊዜ እደርሳለሁ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የምታሳስተው ያቺው 120 ሜትር ናት። ወደ ባሕር የሚወርድ ጅረት ሁሉ ገደሉን ሰንጥቆ ሸለቆ ይሠራል፤ መንገዱም በየሸለቆው እስከ ውሃው ጠርዝ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ስምንት ጊዜ 100 ሜትር የወጣ ሰው 800 ሜትር ተራራ ወጥቷል ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የታወቀ የባሕር ዳርቻ መንገድ ርዝመቱ 1,014 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 35,000 ሜትር ይደርሳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 35 ሜትር ያህል ዳገት አለ ማለት ነው፤ የእርስዎንም መንገድ በዚሁ ልክ ብንገምተው 22 ኪሎ ሜትሩ ወደ 800 ሜትር ዳገት ይኖረዋል።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚህ መሠረት 22 ኪሎ ሜትሩ 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ 800 ሜትር ዳገቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። ቁልቁለቱም በነፃ አይገኝም። በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ይህ ወደ 27 ደቂቃ ይሆናል። መንገዱ ብቻ 6 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ እረፍትና ለምሳ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት ሰባት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቢነሱ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚደርሱት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሱ። ጀንበር ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቅ ጉዞ ነው ጥሩ ዕቅድ የሚባለው፤ የግንባር ባትሪ ግን እንደዚያም ሆኖ ከቦርሳዎ አይለይ።

ስሌቱ ጥሩ መንገድና ጤናማ እግር ላለው ሰው የወጣ ነው። ትላልቅ ድንጋዮች እየረገጡ በሚያልፉበት ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 2 ኪሎ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች መለኪያ ያድርጓቸው። በስሌቱ መሠረት 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይወስዳሉ። 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ከፈጁብዎ፣ በዚያው አካሄድ ቀኑ በሙሉ በሁለት ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ከመነሳትዎ በፊት ከዳርቻው ወደ መሃል አገር የሚወጡትን መንገዶች ካርታው ላይ ምልክት ካደረጉባቸው፣ ቀጥሎ ባለው ላይ መውጣት ወይም መቀጠል እንዳለብዎ እዚያው መወሰን ይችላሉ። ከቀትር በኋላ ደክሞ የሚወሰን ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ነው፤ አደጋውም የሚመጣው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በመንገዴ ላይ ገደሉን ከመዞር ይልቅ በአሸዋው ላይ የሚያልፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን አቋራጭ አለ። «ውሃው ሲጎድል ብቻ» ይላል። መቼ ልግባ?

መልስ፦ ውሃው ገና እየጎደለ ሳለ፣ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድመው ይግቡ። ያኔ ቢዘገዩ እንኳ የሚከተልዎ ውሃ የለም።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። የአካባቢውን የሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ ያግኙ፤ ሲያነቡትም ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር መሆኑን አይርሱ። 14:20 የሚለው ከቀኑ 8:20 ነው። በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚያደርጉ አገሮች ደግሞ ሠንጠረዡ ይህን ጨምሮ እንደሆነ ያጣሩ፤ የአንድ ሰዓት ስህተት ነፍስ ያስከፍላል።

ውሃው እኩል ፍጥነት የለውም። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ነው እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት ግማሽ ሜትር፣ በሁለተኛው 1 ሜትር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ተኩል፣ በአምስተኛው 1 ሜትር፣ በመጨረሻው ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ሰዓት ዝግታ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። በሦስተኛው ሰዓት በ10 ደቂቃ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል ገላጣ አሸዋ ላይ ይህ ማለት ውሃው በ10 ደቂቃ 12 ሜትር ተኩል ወደ እርስዎ ቀረበ ማለት ነው።

ሌላው ወጥመድ ቅርጹ ነው። ከመሃል ሆነው ሲያዩት አሸዋው ሰፊ ይመስላል፤ ውሃው ግን ቀድሞ የሚደርሰው ከሁለቱም ጫፍ ወደ ባሕር ከወጡት አለቶች ሥር ነው። እግርዎ ሳይርስ መውጫው ይዘጋል። ከተዘጋብዎ ገደሉን ለመውጣት አይሞክሩ፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሆነው እርዳታ ይጥሩ።

አዲስ ጨረቃ ስትወጣና ሙሉ ስትሆን፣ በተለይ ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ልዩነቱ ከሁሉም ይበልጣል። ከባሕር የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ካለ ውሃው ሠንጠረዡ ከሚለው በላይ ሊወጣ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን አቋራጩን ይተዉት፤ ገደሉን ይዙሩ።

ጥያቄ፦ ስንት ሊትር ውሃ ልያዝ? ጅረቶች ብዙ ስላሉ ከዚያ እቀዳለሁ ብዬ ነበር።

መልስ፦ በመጠነኛ አየር በሰዓት ግማሽ ሊትር ያስቡ፤ ለስድስት ሰዓት 3 ሊትር ማለት ነው፣ ክብደቱም 3 ኪሎ ነው። በሙቀት ይጨምሩ። የባሕር ነፋስ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ምን ያህል ውሃ እንደወጣዎ አይታወቅዎትም፤ ፀሐይዋ ቆዳዎን ስታቃጥልም እንዲሁ። ጅረቶቹ እዚያ ሲደርሱ በማሳና በከብት መዋያ አልፈው ነው የሚመጡት፤ ሳያጣሩ ወይም ሳያፈሉ አይጠጡ። የባሕር ውሃ ፈጽሞ አይሆንም፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ኩላሊት ያንን ጨው ለማስወጣት ከተጠጣው በላይ ውሃ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሬ ውሃ ይቋጥራል። ጫማዬ ግን አዲስ አይደለም።

መልስ፦ ውሃ የሚያስቋጥረው እርጥበትና ፍትጊያ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ደግሞ አሸዋ ይጨመርበታል። አሸዋው ላይ ከተራመዱ በኋላ ቆመው ጫማውንና ካልሲውን ያራግፉ፤ በጣቶችዎ መካከል ያለውንም ይጥረጉ። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል፤ ደረቅ ትርፍ ካልሲ ይዘው በምሳ ሰዓት ይቀይሩ።

ቁልቁለት ላይ ጣቶችዎ ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚጋጩ ከሆነ ችግሩ ከማሰሪያው ነው። ክሩን በመጨረሻው ቀዳዳ በዚያው ጎን አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ የሌላውን ጎን ክር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው ይሳቡና ይሰሩ። ተረከዙ ይያዛል፣ እግር ወደፊት አይንሸራተትም። ጥፍርዎንም ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት ይቁረጡ።

አንድ ቦታ መሞቅና መለብለብ ሲጀምር እዚያው ቆመው በደረቅ ቆዳ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። «ቀጣዩ እረፍት ላይ» ሲሉ ይቋጥራል። ትንሽ ከሆነ አያፍርጡት፤ ትልቅና መራመድ የሚከለክል ከሆነ ብቻ ከጀርም በጸዳ መርፌ ከጠርዙ ወግተው ውሃውን ያውጡ፣ ላዩን ቆዳ ሳይልጡ ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ገደሉ ጠርዝ ላይ ሣሩ ጠንካራ ይመስላል። ምን ያህል መቅረብ ይቻላል? ነፋስስ?

መልስ፦ ሣሩ ከላይ ጠንካራ ሆኖ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ማዕበሉና ዝናቡ አፈሩን ከታች ስለሚበሉት። ከጠርዙ ብዙ ሜትር ይራቁ፤ ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ የበለጠ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከገደል ሥርም አይቀመጡ።

ነፋስ በሰዓት ከ62 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መራመድ ራሱ ያስቸግራል፤ ትልቅ የጀርባ ቦርሳም ነፋሱን ይሰበስባል። ከመሬት ወደ ባሕር በሚነፍስበት ቀን በተለይ በጠርዝ አይሂዱ። ሸለቆው ውስጥ ጸጥ ብሎ አናቱ ላይ ድንገት ስለሚመታ፣ አናት ከመድረስዎ በፊት ባርኔጣና ካርታ ያስገቡ። ታች ባሉት አለቶች ላይ አረንጓዴውና እርጥብ ጥቁሩ ያንሸራትታሉ፤ ሻካራውን ይርገጡ።

ገደል የስልክ ኔትወርክ ይከልላል፤ ፊሽካ ይያዙ። የእርዳታ ጥሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም ነው። የሰማዎ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስልዎታል። መልሱን ከሰሙም በኋላ እስኪደርሱልዎ አያቋርጡ፤ የት እንዳሉ የሚያገኙት በድምፁ ነውና።