የድሮዋ ለንደን፦ የሴተኛ አዳሪ ቤትን ማን ይከሳል? ወጪውንስ ማን ይችላል?

ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ፍርድ ቤቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ግማሹ ጥያቄ ስለ ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ሆኖ መጣ፤ አልገረመኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሴተኛ አዳሪነት በሕግ የተከለከለ ነበር?

መልስ፦ በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ኃጢአቱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያ ዘመን ጉልበቱ አልቆበታል። ሕጉ የሚይዘው ዙሪያውን ነው፦ በሌሊት መንገድ ላይ መዞር፣ “ሥራ ፈትና ሥርዓት የለሽ” ሆኖ መገኘት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱን ከፍቶ ማሠራት።

ጥያቄ፦ ቤቱ ታዲያ በምን ይከሰሳል?

መልስ፦ ጎረቤት በማወክ። ክሱ “ሥርዓት አልባ ቤት መያዝ” ነው የሚለው፤ ይህ ደግሞ ሰፊ ነው። ቁማር ቤቱም፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ የማያጣው መጠጥ ቤትም ይገባበታል። በ1726 ማርጋሬት ክላፕ የምትባል ሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር የሚገናኝበት ቤት ይዘሻል ተብላ በዚሁ ክስ ተፈረደባት፦ ስሚዝፊልድ ገበያ ላይ አንገቷና እጇ በእንጨት ተይዞ ለሕዝብ መታየት፣ 20 ማርክ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የገንዘብ መለኪያ) መቀጮ፣ 2 ዓመት እስራት። ከዚያ ቤት ጉዳይ ጋር በተያያዘ 3 ወንዶች በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ተሰቅለዋል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ካልነበረ ከሳሹ ማን ነው?

መልስ፦ ጎረቤት ነዋ። የዛሬው ዓይነት ዐቃቤ ሕግ የለም። የከሰሰ ሰው የክስ ወረቀቱንም፣ የምስክሩንም ወጪ ከኪሱ ይችላል። ኮንስታብሉ፣ ማለትም የሰፈሩ ጸጥታ አስከባሪ፣ የአጥቢያው ነዋሪ ነው፤ ተራው ሲደርስ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ካልፈለገ ምትክ ይቀጥራል፤ ከምትኮቹ መካከል ከቤቶቹ ጉቦ እየተቀበሉ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ አልጠፉም። ክፍተቱን ለመሙላት በ1690ዎቹ መጀመሪያ “የምግባር ማሻሻያ” ማኅበራት ተቋቋሙ፤ እስከ 1738 ሠርተዋል። ከ100,000 በላይ ክስ አቅርበናል ይሉ ነበር። ሰው ግን አልወደዳቸውም፤ ጆሮ ጠቢ መቼም የትም አይወደድም።

ጥያቄ፦ ኮንስታብሎቹና ረዳቶቻቸው ጥቃት ደርሶባቸው ያውቃል?

መልስ፦ ሞትም ደርሶባቸዋል። በ1709 አንድ ኮንስታብል ኮቨንት ጋርደን አካባቢ አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ያዘ። 3 ወታደሮች ሰይፍ መዝዘው “ልቀቃት” አሉ፤ በግርግሩ ኮንስታብሉን ሊረዳ የመጣው ጆን ዴንት ተወግቶ ሞተ። ነገሩ 12 ዳኞች ፊት ቀረበ፣ 7 ለ5 ተከፈሉ። የብዙኃኑ አቋም፦ ኮንስታብሉ ከክልሉ ውጭ ነው፣ ሴትዮዋም ሲይዛት ምንም አላደረገችም፣ ስለዚህ እስሩ ሕገወጥ ነው፣ ግድያውም ከባድ ግድያ አይባልም። እኔ ዘመኑን ከሚያስረዱ ፍርዶች ሁሉ ይሄን አስቀድማለሁ። ሴትዮዋን የተከበረች ስላሏት አይደለም እንዲህ የፈረዱት፤ ማንንም ያለ ምክንያት ይዞ መሄድ ይለመዳል ብለው ነው የፈሩት።

ጥያቄ፦ ለመረጃ ሰጪ ገንዘብ የሚከፍል ሕግ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በተለምዶ የ1751 ሕግ የሚባለው ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1752። አካሄዱ እንዲህ ነው። ለአጥቢያው ግብር የሚከፍሉ 2 ነዋሪዎች ለኮንስታብሉ በጽሑፍ ያሳውቃሉ። እሱ ይዟቸው ዳኛ ዘንድ ይሄዳል፣ እነሱ ይምላሉ፣ ቀርበን እንመሰክራለን ብለው እያንዳንዳቸው በ20 ፓውንድ ግዴታ ይገባሉ። ወጪውን አጥቢያው ይሸፍናል። ቤቱን የያዘው ሰው ከተፈረደበት ለሁለቱም 10፣ 10 ፓውንድ ይሰጣቸዋል። ተራ የቤት ሠራተኛ በዓመት 10 ፓውንድ በማታገኝበት ዘመን ቀላል ብር አይደለም።

ሕጉ ብልጦቹን ቀድሞ አስቧቸዋል። “ቤቱ የኔ አይደለም፣ እኔ ተከራይ ነኝ” የሚል ቢመጣ፣ እንደ ጌታ ወይም እንደ እመቤት ሆኖ ቤቱን ሲያስተዳድር የታየ ሁሉ እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ጉዳዩን ወደ ንጉሡ ከፍተኛ ችሎት አዛውሮ ከሳሹን በወጪ ማድከም የታወቀ ዘዴ ነበር፤ እሱንም ዘጋው።

ችግሩ ገንዘቡ የሚወጣው ለአጥቢያው ድሆች ከሚሰበሰበው ግብር መሆኑ ነው። ለሁለት ሰው 20 ፓውንድ፣ ከዚያ ላይ የችሎት ወጪ። የድሆቹን ገንዘብ የሚይዘው ሰው ደስ ብሎት የሚከፍል ይመስላችኋል? ከሳሹም ስሙ አደባባይ ይወጣል፣ የተከሰሰችው ሴትዮ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ዋስ ጠርታ በማግሥቱ ሁለት መንገድ ተሻግራ ሌላ ቤት ትከፍታለች። ለብዙዎች 10 ፓውንዷ ላም አለኝ በሰማይ ነበረች።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹ እመቤቶች አይነኩም ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ይነኩ ነበር። ኤልዛቤት ኒደምን ውሰዱ፤ ቤቷ ፓርክ ፕሌስ ነው፣ ሴንት ጄምስ፣ ደንበኞቿ ባለማዕረጎች። በ1731 ተፈረደባትና መቀጮዋ 1 ሺሊንግ ሆነ። ያስቃል፤ ግን ሁለት ቀን ለሕዝብ መቀጣጫነት መቆምም ነበረባት። በመጀመሪያው ቀን፣ ኤፕሪል 30፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ ብትተኛም ድንጋይ ወረደባት። ሊያይ የወጣ አንድ ልጅ የብረት አጥር ላይ ወድቆ ሞተ። እሷም ለሁለተኛው ቀን ሳትደርስ ሞተች። 1 ሺሊንጉ የሞት ፍርድ ሆነባት ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ራሱ ቤቶቹን አፍርሶ አያውቅም?

መልስ፦ በ1749 ጁላይ፣ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ላይ አፍርሷል። ገንዘባችን ተሰረቀ ያሉ መርከበኞች ቤቶቹን ሰባብረው ዕቃውን መንገድ ላይ አቃጠሉ። ቦሳቨርን ፔንሌዝ የተባለ የሰው ሠራሽ ፀጉር ሠሪ ተይዞ በኦክቶበር ተሰቀለ። ከመሰከሩበት አንዱ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ በዚህ የተነሳ ከተማው በቁጣ ነደደ። የአካባቢው ዳኛ ሄንሪ ፊልዲንግ ቅጣቱ ትክክል ነው ብሎ ለመሟገት ጽሑፍ እስከማሳተም ደረሰ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የሚቆሙት ሴቶችስ? ወንዶቹስ?

መልስ፦ ሴቶቹን ለመቅጣት ወረፋም፣ ትልቅ ችሎትም አያስፈልግም። ሌሊት ዘብ ይይዛቸዋል፣ ጠዋት አንድ ዳኛ ያያቸዋል፣ ከዚያ ብራይድዌል ወይም ቶትሂል ፊልድስ የሚባሉት ማረሚያ ቤቶች ገብተው በከባድ መዶሻ ቃጫ ይቀጠቅጣሉ፣ ጅራፍም አለ። ቤት የምትይዘው በዋስና በጠበቃ ወራት ስታጓትት ይቺኛዋ ከቁርስ በፊት ትጨርሳለች። ወንዶቹ በማኅበራቱ ዘመን አንዳንዴ ይቀጡ ነበር፤ ኋላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት።