መልስ፦ ባራታናቲያም 2000 ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ነው?

ባራታናቲያም የሚባለው የደቡብ ሕንድ ባህላዊ ዳንስ 2000 ዓመት ምንም ሳይለወጥ እዚህ ደርሷል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። ሥሩ ጥንታዊ ነው። የእጅ ምልክቶቹና የፊት አገላለጹ ናትያ ሻስትራ ከሚባለው፣ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ከተጻፈው የትወናና የዳንስ ድርሳን ጋር ይያያዛሉ። ዛሬ መድረክ ላይ የምናየው ቅርጽ ግን የቅርብ ነው። አላሪፑ በሚባለው መክፈቻ ተጀምሮ ቲላና በሚባለው መዝጊያ የሚያልቀውን የዳንሶች ቅደም ተከተል ያደራጁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ሕንድ በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ያገለገሉ አራት ወንድማማቾች ናቸው።

ስሙ ራሱ አዲስ ነው። ድሮ ሳዲር ነበር የሚባለው። የሚደንሱት ደግሞ ዴቫዳሲዎች፣ ማለትም ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ሴቶች ነበሩ። እንግሊዞች ሕንድን በገዙበት ዘመን ሙያቸው እንደ ነውር ተቆጠረ። በ1947 (በፈረንጆቹ) ማድራስ በሚባለው የደቡብ ሕንድ ግዛት ውስጥ ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠት በሕግ ተከለከለ። ያኔ ዳንሱ ወደ ሌላ እጅ መግባት ጀምሮ ነበር። ብራህሚን ከሚባለው የካህናት መደብ የተወለደችው ሩክሚኒ ዴቪ በ1935 አደባባይ ወጥታ ደነሰች፣ በዓመቱም ካላክሼትራ የተባለውን የጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ዳንሱን ከመጥፋት ካዳኑት አንዷ ናት። ግን የፍቅር ስሜቱን ቀነሰችው፤ "ማጽዳት" ይሉታል። ከዴቫዳሲ ቤተሰብ የተወለደችው ዳንሰኛ ባላሳራስዋቲ ይህን አጥብቃ ተቃወመች። ለእሷ ፍቅሩና አምልኮው አንድ ነበሩ፤ የሚጸዳ ነገር አልነበረም።

እኔ ከባላሳራስዋቲ ጋር ነኝ። ጥበቡን ለዘመናት ያቆዩት ሴቶች ስማቸው ጠፍቶ ዳንሱ ብቻ መከበሩ ያሳዝነኛል። ልዩነቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግክ "ፓዳም" የሚባለውን ክፍል ፈልግ። እግር ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ታሪኩን የሚነግርህ ፊትና እጅ ነው።