ቫዝሊን እየተቀባሽ እጅሽ ለምን ይነቃል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከጥቅምት ወዲህ የአውራ ጣትሽ ጫፍና የጣቶችሽ መገጣጠሚያ እየነቃ ደም ማሳየት እንደጀመረ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የልጆች ልብስ በእጅ እንደምታጥቢ፣ ማታ ግሊሰሪንና ቫዝሊን ተቀብተሽ ብትተኚም ጠዋት እንደዚያው ሆኖ እንደምታገኚው፣ ሎሚ ስትሞክሪ ደግሞ ክፉኛ እንዳቃጠለሽ ጽፈሻል። ስኳር ያለባቸው እናትሽም እጃቸው እንደዚሁ መጀመሩ አስግቶሻል። መልሱ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ይኼን ያዢ፦ ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ ያለው ውሃ እንዳይተን ይይዛል እንጂ። ቫዝሊን ደርቆ የነጣ እጅ ላይ ሲቀባ የሚከድነው ድርቀቱን ነው። ቫዝሊኑን አትጣይው፤ እርጥበት በማቆየት እሱን የሚበልጥ ቅባት ማግኘት ከባድ ነው። የጎደለው ከሱ በፊት መግባት የነበረበት ውሃ ነው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን እንደ ብሎኬት ግንብ ነው። ሕዋሳቱ ብሎኬቶቹ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ወዝ ሲሚንቶው። መዳፍ ደግሞ እንደ ፊት የራሱ የቅባት ዕጢ የለውም፤ ወዙ አንዴ ከታጠበ ቶሎ አይተካም። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማ ነው) ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ሲሆን የደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ዱቄት ሳሙናና በረኪና ሲጨመሩበት ያ ሲሚንቶ ይሟሟል። ከዚያ የምትኖሪባት የአዳማ ነፋስ ይመጣል። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ ያ ነፋስ እርጥብ እጅ ላይ ሲነፍስ ውሃውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹ ከተማው ዳር የቆሙት በከንቱ አይደለም። ደርቆ የጠነከረ ቆዳ ደግሞ መለጠጥ አይችልም። ጣትሽን ባጠፍሽ ቁጥር መገጣጠሚያው ላይ የሚነቃው ስለዚህ ነው።

አሁን የማታውን አሠራር ልንገርሽ። ሥራ ስትጨርሺ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጊ። ልኩን እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በክርንሽ እዪው፦ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ሊሰማሽ አይገባም። ሳሙና ሳትጨምሪ እጅሽን 10 ደቂቃ ዘፍዝፊ። ስታወጪው በፎጣ አትፈትጊው፤ ጫን ጫን አድርገሽ ውሃው መንጠባጠቡን ብቻ አስቁሚ፣ እርጥበቱ እላዩ ላይ ይቅር። ከዚህ በኋላ ያለሽ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ቫዝሊን በመዳፍሽ አሙቀሽ የሁለቱንም እጅ ጀርባ፣ የጣቶችሽን መሃልና የጥፍርሽን ዙሪያ አዳርሺ። ብዙ ሰው መዳፉን ብቻ አሽቶ ይተወዋል፤ የሚነቃው ግን ጫፉና መገጣጠሚያው ነው። ከላይ ንጹሕ የጥጥ ጓንት፣ እሱ ከሌለ የጥጥ ካልሲ አጥልቀሽ ተኚ። የናይሎን ካልሲ አይሆንም፤ እጅ ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ያሳክካል። ቫዝሊኑ ሽታ የሌለው ነጩ ይሁን፤ ሽቶ የተነቃ ቆዳን ያስቆጣል። ከዕቃው የምታወጪውም በንጹሕ ማንኪያ ይሁን።

ግሊሰሪን ያልጠቀመሽ ሳይቀጠን፣ ያውም የተነቃ ቦታ ላይ ስለተቀባሽው ነው። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየሩ ይስባል፤ እንደ አሁኑ ሲደርቅ ከቆዳሽ ውስጥ ስቦ እጁን ይብስ ሊያደርቀው ይችላል። መጠቀም ከፈለግሽ ንቃቃቱ እስኪገጥም ጠብቂ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ እርጥብ መዳፍሽ ላይ አንጠባጥበሽ አዳርሺና ቫዝሊኑን ከላይ ክደኚበት። ቀላቅለሽ ማስቀመጥ ከመረጥሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን በአራት የሻይ ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው። ይኼ ውህድ መበላሸትን የሚከላከልለት ነገር ስለሌለ የሁለት ሦስት ቀን ብቻ አዘጋጂ።

ሎሚውን ጨርሶ ተይው። አሲድ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊቃጠልና ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የአዳማን ፀሐይ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ለጋ ቅቤም ለፀጉር እንጂ ለተነቃ እጅ አይሆንም፤ በውስጡ የቀረው የወተት ተረፈ ይበላሻል፣ ዝንብም ይጠራል። የወጥ ቤት ዘይት ካማረሽ ከወይራ ይልቅ የሱፍ ዘይት ለቆዳው ወዝ ይስማማዋል፤ ግን ከቫዝሊን ይቀላል፣ ለቀን እንጂ ለሌሊት አይበቃም።

እውነቱን ለመናገር፣ የማታውን ብታሳምሪው እንኳ የቀኑ እጥበት እንዳለ ከቀጠለ የትም አትደርሺም። የላስቲክ ጓንት ግዢ፤ ወፍራሙን፣ ከእጅሽ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ይልበስ። ጥጡ ላብሽን ይጠጣል፤ ያለሱ እጅሽ በራሱ ላብ ሲዘፈዘፍ ይውልና ጓንት አድርገሽም ይነቃል። ጓንት ለበስኩ ግን ባሰብኝ የሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። በ20 ደቂቃ አንዴ አውልቀሽ እጅሽን አናፍሺው፣ ጥጡ ከራሰ ለውጪው። ውሃ ከገባበት ደግሞ ያኔውኑ አውልቂ፤ ሳሙናማ ውሃ የያዘ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል። ቀዳዳ እንዳለው ለማወቅ ውሃ ሞልተሽ አንጠልጥይው። ስትጨርሺ ገልብጠሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ላስቲኩ ራሱ የሚያሳክክሽ ከሆነ ከላቴክስ ይልቅ ናይትራይል ወይም ቪኒል የሆነውን ፈልጊ።

ልብሱን የምትዘፈዝፊበት ውሃ የሚፋጅ አይሁን፤ ሙቅ ውሃም ወዙን ያወጣል። ዱቄት ሳሙናውን ሳፋው ላይ በትነሽ በእጅሽ አታማስይ፤ በጆግ ውሃ ውስጥ በእንጨት አማስለሽ ጨምሪው። ያልሟሟ ዱቄት ጣት መሃል ገብቶ ነው የሚበላው። በረኪና ለነጭ ልብስ ብቻ፣ እሱም በጓንት ይሁን። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ እንዳትደባልቂው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቀለበትሽንም ከማጠብሽ በፊት አውልቂ፤ ሥሩ የሚቀረው ሳሙና ጣትሽን ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። ሊጥ ስታቦኪ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትከትፊም ጓንት አይቅር፤ እርሾውና ቃሪያው ንቃቃት ውስጥ ሲገቡ ነው ቁስሉን የሚያስቆጡት።

ቀን ላይ እጅ በታጠብሽ ቁጥር ሳይደርቅ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት ይበቃል፤ እጅሽ ሲንሸራተት ከዋለ አብዝተሻል ማለት ነው። አምስቴ ዉዱ የሚያደርጉ ሰዎች ከዉዱው በኋላ ያለችውን ጊዜ ቢጠቀሙባት ጥሩ ነው፤ እጁ ንጹሕም እርጥብም ነው። ታጥቦ እጅን ከሰል ላይ ማሞቅ ግን ይቅር። እጅሽ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለው በሳሙና ፋንታ ግሊሰሪን ያለበት ሳኒታይዘር ወዙን ይበልጥ ይቆጥባል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኤታኖልና 1.45 በመቶ ግሊሰሪን የያዘ ነው። ንቃቃት ላይ መለብለቡ አይቀርም፣ ሲገጥም ይተውሻል።

ደም የሚያሳየውን የአውራ ጣትሽን ንቃት ለብቻው ያዢው። በንጹሕ ውሃ አጥበሽ ቫዝሊን ሙይበትና ጠርዞቹን አቀራርበሽ ፕላስተር አሽጊበት፤ ፕላስተሩን በየቀኑና በራሰ ቁጥር ቀይሪ። ክፍት ከተተወ ጣትሽን ባጠፍሽ ቁጥር እንደገና ይከፈታል። ዙሪያው እንደ ጠርብ የጠነከረ ከሆነ፣ ንቃቱ ከገጠመ በኋላ ፋርማሲ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ጠይቂ፤ ጠንካራውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ ውሃም ይይዛል። ስሙ ከማዳበሪያው ጋር አንድ ነው፤ ማዳበሪያውን በውሃ በጥብጠው የሚቀቡ ስላሉ አደራ፣ እሱ ለእጅ የተሠራ አይደለም።

ለውጡን በሁለት ሦስት ቀን አትጠብቂው። ማቃጠሉና መወጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀልላል፤ ቆዳው ራሱን ለመተካት ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ለሰለሰ ብለሽ አታቋርጪ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ቢያንስ የማታውን ቀጥይ።

በአራት ሳምንት ካልተሻለሽ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። አንድ እጅ ብቻ ከተላጠና ጠርዙ ቀለበት ከሠራ ፈንገስ ይጠረጠራል። ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ ጣት መሃል ትናንሽ ሽፍታ፣ ቤት ውስጥም ሌላ የሚያክ ሰው ካለ እከክ ነው የሚመስለው፤ ያ ከሆነ መላው ቤተሰብ አንድ ላይ መታከም አለበት። ከሱቅ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባሉትን የስቴሮይድ ቅባቶች ገዝተሽ በራስሽ አትቀቢ። ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግሥ ያድናል ይባላል፤ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ፈንገስ ከሆነም ያስፋፋዋል።

እናትሽን በተመለከተ ትንሽ ጠንቀቅ በይ። ስኳር ሲቆይ የጣት ስሜትን ስለሚቀንስ ውሃው ቢፋጅም፣ ቁስል ቢኖርም ላይሰማቸው ይችላል። የሳቸውን የመዘፍዘፊያ ውሃ አንቺ ለኪላቸው፣ ከ5 ደቂቃም አይለፍ። ዩሪያ ክሬም ያለ ሐኪም ምክር አይቀቡ። እጃቸውን በየማታው በብርሃን እያገላበጥሽ እዪላቸው፣ እግራቸውንም ጭምር፤ ተረከዛቸውም በዚሁ ወቅት ነው የሚነቃው። መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ወይም ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ካየሽ፣ ወይም ትኩሳት ከጀመራቸው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፤ እስኪነጋ አትጠብቂ።