የአማቴ ቅቤ፣ የሚረጋው ዘይትና የእርግዝና ስኳር

ጥያቄ፦ የ27 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳር 98 በመሆኑ የእርግዝና ስኳር እንዳለብኝ ተነገረኝ። አማቴ «ልጁ ይጠንክር» እያሉ ገንፎዬን በቅቤ ያርሱታል፤ ወጣችን የሚሠራው ደግሞ በሚረጋው ዘይት ነው። ጓደኛዬ በበኩሏ ነገሩ የአንጀት ባክቴሪያ መዛባት ነው ብላ የባክቴሪያ እንክብል እንድገዛ መከረችኝ። የማንን ልስማ?
ነፍሰ ጡር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በመጀመሪያ ጥፋቱን በራስዎም ሆነ በአማትዎ ላይ አይጫኑ። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ የሚያዳክሙት በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን፣ ሰውነት ይህን የሚያካክስ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ስኳሩ ከፍ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2013 መመሪያ መሠረት በባዶ ሆድ ከ92 እስከ 125 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ከሆነ የእርግዝና ስኳር ይባላል።

ቅባት ራሱ ስኳርን ወዲያው አያንርም፤ ነገር ግን የሚረጋው ዓይነት ሲበዛ ጉበትና ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ያደክማል። ከቅቤ ቅባት ሁለት ሦስተኛው ገደማ፣ ከፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የዚህ ዓይነት ነው፤ በብርድ ጠዋት ጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያዩት እሱ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ቢቀይሩ፣ እሱንም በማንኪያ እየለኩ ቢጨምሩ ይሻላል። ገንፎው ግን ከቅቤው በላይ ያሳስበኛል፤ ስኳሩን ቶሎ ከፍ የሚያደርገው ዱቄቱ ነውና መጠኑ ይቀነስ።

ስለ ባክቴሪያው ጓደኛዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከፊንላንድ ነፍሰ ጡሮች በእርግዝናቸው መጨረሻ የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ጀርም አልባ ሆነው ላደጉ አይጦች ሲሰጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወሰደው ከተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ስብ አከማችተዋል፤ ኢንሱሊንም ደክሞባቸዋል። ይህ ለውጥ ግን በጤናማ እናቶችም ላይ የታየ ስለሆነ «መዛባት» ለማለት ይከብደኛል። እንክብሉንም በተመለከተ፣ በአውስትራሊያ ክብደታቸው ከፍ ባለ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮ በሽታውን አልተከላከለም። ስለዚህ ገንዘብዎን ለምስር፣ ለባቄላና ለጎመን ያውሉት፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት በእነዚህ ውስጥ ያለውን አሰር ነው፤ ከእሱ የሚሠሩት ቢዩታይሬት የተባለ አሲድም የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ከእንጀራ ግን ሕያው ባክቴሪያ አይጠብቁ፤ በእርሾ ቢቦካም ምጣዱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። እርጎ ከወደዱ ከተፈላ ወተት የተሠራ፣ ስኳር ያልገባበት ይሁን።

የስኳር መለኪያ ካለዎት ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች እንዲሆን ይጣሩ፤ ከበሉም በኋላ ጥቂት ይራመዱ። ይህን ሁሉ አድርገው ስኳሩ ካልወረደ ሐኪምዎ ኢንሱሊን ቢያዙልዎ አይሸሹት፤ መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ሕፃኑ አይደርስም። ከወለዱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እንደገና ይመርመሩ። የአራስ ቤት ወከባ ይህን ቀጠሮ ያስረሳልና ቀኑን አሁኑኑ ለአማትዎ ይንገሯቸው፤ ለልጁ የሚጨነቁ እናት ቀጠሮውን አይዘነጉትም።